ስለ ቢጫው ሲሊንደር፣ ስለ ላላችው ብሎንና ስለ ተደፈኑት ጆሮዎች

በማርሎፈን የአየር ጠመንጃ ተኳሾች ማኅበር አዳራሽ፣ ከሻይ ማፍያው በላይ በተሰቀለው የጥድ ሰሌዳ ላይ፣ የዊልፍ ተርክትል ስም በወርቅ ቀለም ሰባት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚስቱ የኢኒድ ስም ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። ዊልፍ ሰባቱን የመስከረም ዋንጫዎች የወሰደበትን አየር ወደ ጠመንጃው ያስገባው የማን ክንድ እንደ ሆነ ሰሌዳው ትንፍሽ አይልም። ዊልፍ ከትራክተር ከወደቀ ወዲህ ወገቡ አልታጠፍ ስላለው፣ በየቅዳሜው ጓሮ ቆማ በእጅ ፓምፕ ሁለት መቶ ጊዜ ወደ ላይ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ወደ ታች ስትል አሥራ አንድ ዓመት የኖረችው እሷ ናት፤ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የአየሩን ግፊት የሚለካውን ጌጅ ያነብላት ነበር። ማኅበርተኞቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። አውቀውም የሚጠሯት «የዊልፍ ሚስት» እያሉ ነበር፤ ዊልፍ ከሞተ በኋላ ደግሞ «የዊልፍ መበለት» አሏት፣ ሟቹ ትቶት እንደ ሄደ ዕቃ።

ወይእዜሰ ወደ ታላቁ ዘመቻ ዜና እንግባ። ዊልፍ ተርክትል ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በወደቡ ከተማ ለአገሬው ተኳሽ አየር ሲሞላ የኖረው የባሕር ጠላቂዎች ሱቅ በሩን በዘጋ በአምስተኛው ወር፣ ክቡር ዴዝሞንድ ላርዉድ በገዛ ጋራዣቸው ላይ በነገሡ በሦስተኛው ሳምንት፣ በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የእንግሊዟ የኖርፎክ ዝናብ እንደ ልማዱ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ጎን እየተኮሰ ሳለ፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ ይህ ነገር ሆነ።

የነዚህ ሰዎች ጠመንጃ ባሩድ አያውቅም፤ የሚጠጣው አየር ነው፣ ያውም እስኪያቃስት የታመቀ አየር። ተኳሹ ከክንድ የማትረዝም ሲሊንደር በትከሻው አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ጠመንጃው ሲጠማው ከእሷ ያጠጣዋል፤ ሲሊንደሯ ባዶ ከሆነች ግን ሰውየው የያዘው ጠመንጃ ሳይሆን ምርኩዝ ነው። የጠላቂዎቹ ሱቅ በተዘጋ ጊዜ ከማኅበሩ ግማሹ አየር ወደማይሞላው የድሮ የስፕሪንግ ጠመንጃ ተመለሰ፣ ጥቂቱ ሩቅ አገር እየነዳ ያስሞላ ጀመር፣ የቀሩት ደግሞ ባዶ ሲሊንደር ታቅፈው ወደ ሰማይ አዩ። አሜሃ ዴዝሞንድ ተነሡ።

ዴዝሞንድ ላርዉድ፣ ሥዩመ ጋራዥ፣ መስፍነ ቱቦ ወጌጅ፣ ከመንገሣቸው በፊት በኢንሹራንስ ቢሮ ሠላሳ ዓመት ተቀምጠው የሰው ቤት ሲቃጠል «ለምን ተቃጠለ» እያሉ የጠየቁ ሰው ናቸው። በእጃቸው ሠርተው የሚያውቁት ነገር ቢኖር የወፍ ቤት ነው፤ እስከ ዛሬ ወፍ አልገባበትም። እሳቸው ከሩቅ ምሥራቅ በፖስታ ያስመጧት ኮምፕሬሰር ቁመቷ ከዳቦ ሳጥን አይበልጥም፤ ድምፅዋ ግን በር የቆነጠጣት አሳማ ነው። ከእሷ ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ ሦስት ሌሊት አነበቡት፤ ከዚያ ወዲያ ሲራመዱ ራሱ እግራቸው ተለወጠ።

በሳምንቱ መካከልም በማኅበርተኞቹ ስልክ ላይ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«እሑድ ለመስከረም ዋንጫ የምትተኩሱ፣ ሲሊንደር ያላችሁ በሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እኔ ጋራዥ ይዛችሁ ኑ። ማሽኑን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። ኔቪል መዝገቡን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋዋል፤ በዚያ ሰዓት ሲሊንደሩ ያልሞላ ሰው ዘንድሮ የለም። የጆሮ መከላከያ አለኝ። ሻይ የሚያፈላልን ሰው ቢገኝ ጥሩ ነው።»

ሻይ የሚያፈላ የተባለው ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሲሊንደር ይዘው ከሚመጡት መካከል ቀሚስ የሚለብሰው አንድ ነው።

ኢኒድ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚህ ቅዳሜ የያዘችው ጉዳይ ግን የዋንጫ ብቻ አልነበረም። ግራ ዐይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀኙን ነገር ሐኪሟ በሰኔ አይቶ፣ ዘንድሮ ትተኩሻለሽ፣ ለከርሞ ግን ቃል አልገባልሽም ብሏታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር ያዝኑላታል፣ እሷ ደግሞ የነሱን ኀዘኔታ ከምትቀበል የአሳማ በረት ብትጠርግ ትመርጣለች። ዊልፍ በሕይወት ሳለ በቤቱ ያለው ጠመንጃ አንድ ስለ ነበረ ተኳሹ እሱ፣ አየር ሞይዋ እሷ ሆነው ኖሩ። ባለፈው መስከረም ኀዘን ላይ ነበረች። ስለዚህ የዘንድሮው መስከረም የመጀመሪያዋ ነው፣ የመጨረሻዋም ነው። ሱቁ ሳይዘጋ ያስሞላችውን የሲሊንደሯን አየር እያብቃቃች፣ በጋውን ሙሉ ጓሮዋ ውስጥ ትራስ ላይ ተቀምጣ የብረት አይጥ ዒላማ ከአርባ እርምጃ ስትጥል ከርማለች። አሁን ሲሊንደሩ ባዶ ነው። በእጅ ፓምፕ እንዳትሞላ ትከሻዋ የለም፤ እነዚያ ሰባት ዋንጫዎች በልተውታል።

ዊልፍ በትራክተር ቀለም ቢጫ አድርጎ የቀባትን ሲሊንደር ጎማ ባላት የገበያ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ፣ በዝናቡ እየጎተተች፣ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ወረፋው ላይ ግን ሦስተኛ አደረጓት። ከእሷ በኋላ አራተኛ ስለሌለ ሦስተኛ ማለት መጨረሻ ማለት ነው።

ከክቡር ዴዝሞንድ ጋር በዚያ ቀን የዘመቱት ስማቸው ይህ ነው። ዐቃቤ ሰዓት ወጸሐፌ ትእዛዝ ኔቪል ሞብስ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ ልጅ ሳለ ኢኒድ በመሀረቧ አፍንጫውን የጠረገችለት፣ አሁን ግን መዝገብ በብብቱ ከያዘ ወዲህ ከአፍንጫው ወዲያ የማያይ። ቀኛዝማች ትሬቨር ባን፣ አሳማ አርቢ፣ ሆዱ ከሱ ሩብ ሰዓት ቀድሞ የሚገባ፣ ክፋት የሌለበት፣ አሳብም የሌለበት። ፑዲንግ የተባለው የትሬቨር ውሻ፤ እሱ ማሽኑ በተነሣ ቅጽበት ጦርነቱን ጥሎ ወደ መኪናው ሸሸ፤ በዚያ ቀን ከወንዶቹ ሁሉ ጆሮውን የተጠቀመበት እሱ ብቻ ነው።

ወእምዝ ዴዝሞንድ ለጦርነቱ ለበሱ። በቅልጥማቸው ላይ፣ በወጣትነታቸው ክሪኬት ሲጫወቱ ያስሩት የነበረውን፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰውን ነጭ መከላከያ አሰሩ፤ በእጃቸው የበያጅ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጠለቁ፤ በዐይናቸው የዋና መነጽር ሰኩ፤ በጆሮአቸው ላይ ሁለት ግማሽ ኮኮናት የሚመስለውን የጆሮ መከላከያ ደፉ። ይህ ሁሉ ሲሊንደር ቢፈነዳ ብለው ነው። ቢፈነዳ ኖሮ ከነክሪኬታቸው ጣሪያው ላይ ይለጠፉ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው። ለኔቪልም ለትሬቨርም የጆሮ መከላከያ ሰጡ። ለኢኒድ አልተረፈም።

«አንቺ ኩሽና ስለምትሆኚ አያስፈልግሽም፣ ኢኒድዬ» አሏት።

እሷም የሱፍ ቆብዋን ከጆሮዋ ከፍ አድርጋ፣ ከሣር ማጨጃው አጠገብ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ሲሊንደር የራሳቸው የዴዝሞንድ ነበር፤ ንጉሥ ከሕዝቡ በፊት ይበላልና። ማሽኗ ጮኸች፣ ቱቦው ተንቀጠቀጠ፣ የጌጁ ቀስት ከዜሮ ተነሥታ ሦስት መቶ ላይ ደረሰች። የትሬቨርም እንዲሁ ሞላ፤ ትሬቨር በደስታ ሆዱን መታ። በየዐሥር ደቂቃው፣ አየሩ ሲታመቅ የሚያጠራቅመውን ውኃ ለማውጣት፣ ከማሽኗ ሥር ያለችውን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ ብሎን ማላላት፣ ውኃውን ትፍ ማስባል፣ መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ዴዝሞንድ ይህን ከመጽሐፉ አንብበው ያውቁታልና አላጓደሉም። የትሬቨር ሲሊንደር ከተነሣ በኋላም፣ ከስምንት ሰዓት ተኩል ጥቂት አልፎ፣ ብሎኑን አላሉ፣ ውኃውን አስተፉ፣ መልሰው አጠበቁ። ማለትም ያጠበቁ መሰላቸው፤ ከዚያ ወዲያ በየዐሥር ደቂቃው ባላሉት ቁጥርም እንዲሁ። የበያጅ ጓንት ላደረገ ሰው የጠበቀ ብሎንና ያልጠበቀ ብሎን አንድ ነው፤ የጆሮ መከላከያ ለደፋ ሰውም የሚያፏጭ ማሽንና የማያፏጭ ማሽን አንድ ነው። ሁለቱንም ያደረገ ሰው ንጉሥ ነው እንጂ መካኒክ አይደለም።

በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቢጫዋ ሲሊንደር ወደ ዙፋኑ ቀረበች። ቀስቷ ሃምሳ አለች፣ መቶ አለች፣ መቶ አርባ ላይ ደርሳ ቆመች። አልወረደችም፣ አልወጣችም። ሩብ ሰዓት ሆነ፤ መቶ አርባ። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ መቶ አርባ።

ኢኒድ ግን ባልዲዋ ላይ ሆና ሰማች። ከማሽኗ ጩኸት በታች፣ ክፉ ሴት በጥርሷ መካከል እንደምትስበው ትንፋሽ ዓይነት፣ ቀጭን ፉጨት አለ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ከትምህርት ቤት አውጥተው አተር ማቀዝቀዣ ፋብሪካ አስገብተዋታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከግንብ የሚበልጡ ኮምፕሬሰሮች ሥር ወለል ጠርጋለች። ያስተማራት የለም፤ ማን ጠራጊ ያስተምራል። ግን መጥረጊያ የያዘ ሰው ጆሮው ሥራ አይፈታም፤ ማሽን ሲያመው ከመሐንዲሶቹ በፊት እሷ ታውቅ ነበር። ተነሥታ ወደ ዴዝሞንድ ጆሮ ቀረብ ብላ፣ ማሽንህ ያፏጫል አለቻቸው። ዴዝሞንድ ፈገግ ብለው አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት። ወደ ኔቪል ሄዳ ያንኑ አለችው። ኔቪል ሰዓት የጠየቀችው መስሎት የእጅ ሰዓቱን አሳያት። ወደ ትሬቨር ሄዳ ደገመችው። ትሬቨር ሁለት ጣቱን አነሣ፤ ሻዩን በሁለት ስኳር እንደሚፈልግ መናገሩ ነበር።

ወካዕበ ዴዝሞንድ ምክር ያዙ፤ ከራሳቸው ጋር። የመጀመሪያው ፍርዳቸው ማሽኗ ሞቃታለች የሚል ነበር። ማሽኗ የምትቀዘቅዘው ከባልዲ በሚሳብ ውኃ ነውና፣ ትሬቨርን ወደ ቤት ልከው ከሚስታቸው ማቀዝቀዣ አራት ከረጢት የበረደ አተር አስመጡ፤ ሚስቲቱ ፀጉሯን ልትሠራ ከተማ ሄዳ ነበር። አተሩ ባልዲው ውስጥ ገባ። ኢኒድ ከረጢቶቹ ላይ ያለውን ምልክት አየች፤ የሷው ፋብሪካ አተር ነበር። ከአተሩ በኋላ የዓሣ ቁራጭ ገባ፤ ከዓሣው በኋላ ሴትየዋ ለገና ማርማላታ ያስቀመጠችው እንጆሪ ገባ፤ ውኃው ቀይ ሆነ፣ ጋራዡም ሰው የታረደበት መሰለ። ቀስቷ መቶ አርባ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

ሁለተኛው ፍርዳቸው የኤሌክትሪክ ጉልበት አንሷል የሚል ነበር። የቤቱን መብራት ሁሉ አጠፉ፣ ማሞቂያውን አጠፉ፣ የቀረውን ሥጋና አይስክሬም ሳያስቡት ከማቀዝቀዣው ጋር አጠፉ። መቶ አርባ።

ለዐሥር ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሦስተኛው ፍርድ ወረደ። ዴዝሞንድ በክሪኬታቸው ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ቢጫዋ ሲሊንደር ዘርግተው፣ ማሽኗ እየጮኸች፣ ጆሮአቸው ተደፍኖ፣ በታላቅ ድምፅ አወጁ፦

«ማሽኑ ምንም አልሆነም። የዊልፍ ሲሊንደር አርጅቷል፣ ያፈሳል፣ አደገኛ ነው። ይነሣ። ኔቪል፣ የእሷን መስመር ሰርዘው።»

ኔቪል አንዲት ቃል ሳይሰማ፣ የእጃቸውን ምልክት ብቻ አይቶ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መስመሯንም ሰረዘ። ትሬቨርም ነቀነቀ። በዚያ ጋራዥ ውስጥ አዋጁን የሰማች፣ የተፈረደባት ራሷ ኢኒድ ብቻ ናት። በዚህ አገር ሲታወጅ ሰሚው ያ ነው፤ ጆሮው ያልተሸፈነለት።

የዚያን ጊዜ የገባባት ነገር ቁጣ ቢሆን ደስ ባላት። ቁጣ ለምዳዋለች። የገባው ፍርሃት ነበር። የሲሊንደሩ የምርመራ ማኅተም ገና ሁለት ዓመት እንደሚቀረው ታውቃለች፤ ነገር ግን ዊልፍ አንድ ክረምት በረት ውስጥ ረስቶት እንደ ነበረም ታውቃለች። ማን ያውቃል፣ ያ ሰው ልክ ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ሰው እንኳ አንዳንዴ ይስትና ልክ ይሆናል። ሲሊንደሩ የሚያፈስ ከሆነ መስከረም አለቀ፤ ለከርሞ ደግሞ ዐይን የለም።

ወደ ዴዝሞንድ ኩሽና ገባች። ጋዝ ምድጃው ላይ ውኃ ጣደች፤ ሻይ ተብላለችና ሻይ ታፈላለች። ሦስት ኩባያ ደረደረች፣ ወተቱን አደረገች፣ ለትሬቨር ሁለት ስኳር። አራተኛውን ኩባያ አንሥታ ግን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንጠባጠበችበት፣ ጥቂት ውኃ ጨመረች፣ በሹካ መታችው፣ አረፋው ከአፉ ሞልቶ ወጣ። ከመሳቢያው የዳቦ ቅቤ መቀቢያውን ብሩሽ ወሰደች። አራቱን ኩባያ በትሪ ይዛ ተመለሰች። ሦስቱን ለሦስቱ ሰጠች። አራተኛውን ይዛ በማሽኗና በሲሊንደሯ መካከል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ በጉልበቷ ተንበረከከች። ዴዝሞንድ ከኩባያቸው በላይ እጃቸውን አወዛወዙ፤ እንዳትነኪ ማለታቸው ነው። እሷም አላየቻቸውም፤ የግራ ዐይኗ ወደ እሳቸው በኩል ነበር።

በመጀመሪያ የገዛ ሲሊንደሯን አንገት ቀባች። አረፋው ነጭ ሆኖ ተኛ፤ አንዲት እንኳ አልተነፋችም። በቀለበቱ ዙሪያ፣ በማሸጊያ ጎማው ላይ፣ ከታች ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ቀባች፤ ምንም። የዊልፍ ሲሊንደር አፏን ገጥማ፣ እንደ ዊልፍ፣ ምስጢሯን ይዛ ተቀምጣለች። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባች፤ ምንም። በመጨረሻ ብሩሹን ከማሽኗ ሥር አስገብታ ያችን የነሐስ ብሎን ቀባቻት።

ወናሁ፣ አረፋው ተነሣ። ገና ወተት ጠጥቶ ቀና እንዳለ ጥጃ አፍ፣ ተነፋ፣ ፈነዳ፣ ተነፋ፣ ፈነዳ፣ በዴዝሞንድ ክሪኬት ላይ ተፈናጠረ። ጆሮአቸውን ደፍነዋል፤ ዐይናቸው ላይ ግን ያለው የዋና መነጽር ነው፣ እሱም ያሳያል። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ትሬቨር የጆሮ መከላከያውን ወደ አንገቱ አወረደና እስኪያለቅስ ሳቀ።

«የኔ እናት» አላት፣ «ቅድም ጀምሮ ይህን ነበር እንዴ የምትነግሪን?»

«የለም» አለችው፣ «ስኳር ስንት ልበልህ እያልኩ ነበር።»

የሻይ ፎጣውን በብሎኑ ላይ ጠምጥማ በባዶ ጣቷ ሩብ ዙር አዞረችው። ሩብ ዙር፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ፉጨቱ ተቋረጠ። የማሽኗ ድምፅ ወፈረ፣ ሳሏን ትታ ሥራዋን ያዘች፤ ቀስቷም መቶ አርባን ለቀቀች። ሰዓቱ ዐሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነው በጌጅ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም፤ መቶ ስልሳ፣ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ሃያ። በመካከሉ ውኃ የማውጫው ሰዓት ሲደርስ ዴዝሞንድ ጊዜ የለም፣ ይቅር፣ ቢገባ ምን ይላል በሚል ዓይነት እጃቸውን አራገቡ። ኢኒድ ወደ ጎን ገፋቻቸው። በዊልፍ ሲሊንደር ውስጥ ውኃ አይገባም። ብሎኑን አላላች፣ ትፍ አስባለች፣ አጠበቀች፣ አረፋ ቀባች፣ አየች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ በየዐሥር ደቂቃው። ለአሥራ አንድ ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ቀስቷ ሦስት መቶ ላይ አረፈች። ዴዝሞንድ ማሽኗን ለማጥፋት ቀደሙ፤ ማጥፋቱን ማን ይከለክላቸዋል።

በወደቀው ጸጥታ ውስጥ የተሰማው የእንጆሪው ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ነበር። ዴዝሞንድ ጓንታቸውን አወለቁ፣ ስልካቸውን አነሡ፣ ቆመው ጻፉ፣ ለማኅበሩም ሁሉ ላኩ፦

«ከባድ የቴክኒክ ችግር ገጥሞኝ ነበር። ሳልደናገጥ ደረጃ በደረጃ መርምሬ ፈትቼዋለሁ። የዊልፍም ሲሊንደር ሞልቷል። ነገ እንገናኝ።»

ዝንቱ ውእቱ ገድላቸው። ስለዚህ ዴዝሞንድ ላርዉድ ይመስገኑ። በጓንታቸው ብሎን ያላሉ፣ በኮኮናታቸው ፉጨት ያልሰሙ፣ ኮምፕሬሰርን በዓሣና በአተር የወጉ፣ የገዛ ሚስታቸውን የገና እንጆሪ በባልዲ ያጠመቁ፣ ንጹሕ ሲሊንደር ላይ ፈርደው ፍርዳቸውን ያልሳቡ፣ በመጨረሻም ማሽኗን ለማጥፋት ማንም ያልቀደማቸው። ከማርሎፈን እስከ ወደቡ ከተማ እንደሳቸው ያለ ሞይ አልተነሣም፤ ከሳቸው በፊት የነበሩት ሞዮች ሴቶች ነበሩና አይቆጠሩም። ክብራቸው በጋራዡ ወለል ላይ ከግራሶው ጋር ተጣብቆ ይኑር፤ ሚስታቸው ከፀጉር ቤት ተመልሳ ማቀዝቀዣዋን እስክትከፍት ድረስ።

ዐቃቤ ሰዓት ኔቪልም መዝገቡን በሣር ማጨጃው ላይ ዘረጋ። ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የሰረዘውን መስመር በላጲስ አጠፋና በላዩ ላይ «የዊልፍ መበለት፣ በዴዝሞንድ አየር» ብሎ በሚያምር እጁ ጻፈ። ኢኒድ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀኝ ዐይኗን አቅርባ አነበበችው። ሲሊንደሯን ወደ ገበያ ቦርሳዋ አላስገባችም። እንደ ሕፃን ታቅፋ ከመዝገቡ ፊት ቆመች፤ ኔቪልም መዝገቡን ሊያጥፍ ሲል የሲሊንደሯን ግርጌ በገጹ ላይ አሳረፈችበት።

«ኔቪል» አለችው፣ «በመጀመሪያ ያንን ነገር ከጆሮህ አውርድ። ማሽኑ ከጠፋ ቆየ እኮ። ሰማኸኝ? እርሳስህን አንሣ። ይህን ሰርዘውና ኢኒድ ተርክትል ብለህ ጻፍ፤ ዊልፍ የሚል ከፊቱም ከኋላውም እንዳላይ፣ ዴዝሞንድ የሚልም እንዳላይ። ነገ ተራዬ ሲደርስ ስሜን ጮክ ብለህ ጥራው፣ ዳር ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ። ማታ ወደ ቤትህ ስትሄድ ደግሞ በአዳራሹ በኩል እለፍና ያንን የሰሌዳውን የወርቅ ቀለም ቆርቆሮ ከፍተህ እይልኝ፤ ደርቆ ከሆነ በጠዋት ሌላ ይዘህ ና።»